ለሻሼ ጓደኛ ላምጣላት ወይስ ጣውንት?

«ብቻዋን አታሳዝንሽም?»

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሻሼን ሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ ሲያያት ይጠይቀኛል። እኔም ብሆን ከድሮም ሆዴን ይበላኝ ነበር። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ቁልፉን ሳዞር ከበሩ ጀርባ ሆና ስትጮህ እሰማታለሁ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እግሬ ሥር ትተሻሻለች። እንዲህ የምትሆነው ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ውላ ቢሆንስ?

ስለዚህ ሁለተኛ ድመት ላመጣላት ወሰንኩ። በትክክል ለመናገር፣ ወሰንኩ፣ ተውኩት፣ አመጣሁ፣ መለስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አመጣሁ። አንድ ድመት ኖራችሁ «ልጨምር ወይስ ልተው?» እያላችሁ የምታወላውሉ ካላችሁ፣ ቢያንስ የእኔን ስህተት አትድገሙት። የራሳችሁን አዲስ ስህተት ፈልጉ።

ሻሼ ግራጫ ናት። አናቷ ላይ ብቻ ነጭ አለባት፣ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። ከ2 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ የኖረችው ከእኔ ጋር ብቻ ነው።

ሐሳቤን መጀመሪያ የነገርኩት ለክትባት ስወስዳት ለእንስሳት ሐኪሟ ነው። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ነገር አያንዛዙም።

«ዶክተር፣ ጓደኛ ላመጣላት አስቤያለሁ» አልኳቸው።

«በመስኮት ሌላ ድመት ስታይ ምን ታደርጋለች?»

«ፀጉሯ ይቆማል። ጅራቷ እጥፍ ያክላል። ከዚያ ዞራ እኔን ትነክሰኛለች።»

«ታዲያ ያችን በመስኮት የምታያትን ሳሎን ልታስገቢላት ነዋ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የቤት ድመት የወረደችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። እሷ ደግሞ ለብቻዋ የምታድን እንስሳ ናት። አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃም፣ ስለዚህ አደኑም፣ ግዛቱም፣ ኑሮውም የግል ነው። ውሻ በመንጋ የኖረ ዘር ስለሆነ ጓደኛ ሲያጣ ይጎዳል። ድመት ግን የግድ ጓደኛ ያስፈልጋታል ማለት አይቻልም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ምግብ በተትረፈረፈበት ቦታ አብረው የሚኖሩ ድመቶች አሉ። እነሱም በብዛት እናት፣ ልጅና እህትማማቾች ናቸው። «ሁለት ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ መጀመሪያውኑ እህትና ወንድም አብሮ መውሰድ ነው» አሉኝ። ለእኔ ያ ባቡር ካለፈ 6 ዓመት ሆኖታል።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። የድመት ልጅ ማንን መፍራት እንዳለባትና ማንን ማመን እንደምትችል በብዛት የምትማረው ከ2 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜዋ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላም ትማራለች፣ ግን በትግል ነው። ሻሼ ደግሞ ከእናቷ ቤት ከወጣች ወዲህ ሌላ ድመት አጠገቧ ደርሶ አያውቅም።

«እስቲ አንድ ቀን ቪዲዮ ቅረጫትና አዋዋሏን እዪው» አሉኝ ስወጣ።

አሮጌ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ፣ ቻርጀር ሰክቼ ወጣሁ። ማታ እያስሮጥኩ አየሁት። ሻሼ ተኛች። ፀሐይዋ ከሶፋው ወደ ምንጣፉ ስትዞር ተነሳች፣ ተንጠራራች፣ ምንጣፉ ላይ ሄዳ ተኛች። ውሃ ጠጣች። በመዳፏ ጆሮዋን አጠበች። ተኛች። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፣ እሱም ደረጃው ላይ ሰው ሲያልፍ ነው። እኔ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ተነስታ በሩ ጋ ተቀመጠች። በቃ። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንደምትተኛ አውቃለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ቢሮ ሆኜ እብሰለሰልላታለሁ፣ እሷ ፀሐይ ስትከተል ትውላለች!

የእናንተ ቪዲዮ የተለየ ነገር ካሳያችሁ፣ ለምሳሌ ሰዓታት ሙሉ የምትጮህ ወይም ሆዷን እስኪመለጥ የምትልስ ከሆነ፣ ቶሎ ብላችሁ «ብቸኝነት ነው» አትበሉ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ያመማት ድመት ላይ ሌላ ድመት መጨመር በቁስል ላይ እንጨት ነው።

የሻሼ ችግር ሌላ ነበር። ማታ ማታ መጋረጃ ሥር አድፍጣ ቁርጭምጭሚቴን ትነክሰኛለች። ድብርት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። በእንጨት ጫፍ ክር አስሬ፣ ክሩ ላይ ላባ አድርጌ፣ በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ደቂቃ ማጫወት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ እንድትይዘው እተውላታለሁ፣ ከዚያ ወዲያው ምግቧን እሰጣታለሁ። አደነች፣ ያዘች፣ በላች፣ ተኛች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እግሬ ዳነ። ብዙ ሰው ሁለተኛ ድመት ያስፈልገኛል የሚለው ይህችን 20 ደቂቃ ስላልሞከራት ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም ሦስት ወር ሙሉ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

ከዚያ ጉዱ መጣ።

የሥራ ባልደረባዬ ድመት ወልዳ አንድ ግልገል ቀርቷታል። ጥቁር፣ 10 ሳምንቱ፣ ዓይኑ ፊቱን የሞላ። ስሙን ጉዱ አልኩት። «ለትንሽ ቀን ሞክሪው፣ እምቢ ካለ መልሺልኝ» አለችኝ። ሐኪሟ ያሉኝን ሁሉ ረሳሁት። በዚያ ማታ ተሸክሜው ገባሁና የተሸከምኩበትን ሳጥን ሳሎን መሀል አስቀምጬ ከፈትኩት። ይተዋወቁ ብዬ!

ሻሼ ከሶፋው ወርዳ መጣች። አሸተተችው። ቀጥ ብላ ቀረች። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተለጠፉ። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ በ6 ዓመት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ወጣ። ጉዱ ምኑም አልገባውም፣ ዘሎ ጅራቷን ያዘ። ሻሼ በጥፊ አላሰችውና ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሌሊት ካልሆነ አትወርድም። በሁለተኛው ቀን የምግብ ሳህኗ ሙሉውን እንዳለ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ድመት፣ በተለይ ወፈር ያለች ድመት፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት ነበርኩ።

ዶክተሯ ሻሼን ከመረመሩ በኋላ እኔን ነው የተቆጡት። ክትባቱን ያልጨረሰ ግልገል በቀጥታ አመጥቼ መቀላቀሌ አናደዳቸው። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ አንዴ ቤት ከገባ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። አዲስ የሚመጣ ድመት ጤነኛ ቢመስልም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ክፍል ውስጥ መቆየት አለበት። ጉዱ ጤነኛ መሆኑ የእሱ ዕድል እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

ሻሼ በመድኃኒትና በልመና መብላት ጀመረች። ግን ጉዱ ግልገል ነው። ቀኑን ሙሉ መታገል፣ መዝለል፣ ጅራት ማሳደድ ይፈልጋል። እሷ በሰው ዕድሜ ብናስበው አርባ የተጠጋች ወይዘሮ ናት። «ግልገል ከሆነ ቶሎ ትቀበለዋለች» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ ስለሆነ እንደ ወራሪ ላትፈራው ትችላለች፣ እረፍት የማይሰጣት ግን እሱ ነው። በ9ኛው ቀን አልጋዬ ላይ ሸናችብኝ። ልክ ትራሴ አጠገብ። በ11ኛው ቀን ጉዱን ወሰድኩት።

መንገድ ላይ አለቀስኩ። እንስሳ ወስዳ መለሰች ይሉኛል ብዬም አፈርኩ። አሁን ሳስበው፣ ከመጀመሪያው «እምቢ ካለ መልሺልኝ» መባባላችን ከዚያ ሁሉ ጥፋት መሀል የሠራነው ብቸኛ ትክክል ነገር ነው። መመለሻ የሌለውን ድመት አትውሰዱ። ጉዱ በኋላ ለእህቴ ተሰጠ። እሷ ጋ አንድ ዓመት ያልሞላው እንደሱ ያበደ ወንድ ድመት አለ። ሲታገሉ ውለው ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። ስለዚህ ጥፋቱ የጉዱም የሻሼም አልነበረም።

አንድ ዓመት ገደማ አለፈ። እንደገና የሞከርኩት ለምንድን ነው? ለሻሼ ብዬ አልልም። ቪዲዮውን አይቻለሁ። እኔ ነኝ ሌላ ድመት ያማረኝ። ይህን ለራሴ ካመንኩ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። «ትፈልጋለች ወይ?» መሆኑ ቀረና «ሳትጎዳ ልትችለው ትችላለች ወይ?» ሆነ።

አንዲት የማውቃት ሴት ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው። ድመቷ 5 ዓመቱ ነው፣ ቀይ፣ ትልቅ፣ የተኮላሸ ወንድ። ከሌላ ድመት ጋር ኖሮ ያውቃል፣ ያችኛዋ አርጅታ ሞታበታለች። ቤቷ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። መጣ፣ አሸተተኝ፣ ሄደ፣ ተኛ። ሲራመድ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። እዚያው ጋሼ አልኩት።

ከዚያ ነገሩን በወግ ያዝኩት። መጀመሪያ ምርመራ። የድመት ሉኪሚያ የሚባለው ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል፣ አንድ ሳህን መብላትና መላላስ ይበቃዋል። ኤፍ.አይ.ቪ. የሚባለው፣ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ ደግሞ በብዛት የሚተላለፈው በጥልቅ ንክሻ ነው። ሁለቱም ሰው አይዙም። ጋሼ ከሁለቱም ነፃ ሆነ፣ ክትባቱም ተሟላ። የምታመጡት ወንድ ገና ካልተኮላሸ፣ በተኮላሸ ማግስት የተረጋጋ ድመት አትጠብቁ። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜም ማስረገዝ ይችላል።

ጋሼ ትንሿ ክፍል ገባ። የሚጸዳዳበት የራሱ የአሸዋ ሳጥን፣ የራሱ ውሃ፣ የሚደበቅበት ካርቶን። በሩ ዝግ። ሻሼ በሩን አሸተተችና አጉረመረመች።

አሁን ስለ ካልሲው ልንገራችሁ። ድመት ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያመነጭ እጢ አላት። ግድግዳና እግራችሁ ላይ ጉንጯን የምታሸው «ይህ የኔ ነው» ለማለት ነው። ስለዚህ ንጹሕ ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ የጋሼን ጉንጭ አሸሁበት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጣልኩት። የሻሼ መኝታ ላይ አይደለም፣ ኮሪደሩ ላይ። እሷ ፈልጋ እንድትሄድበት፣ ካልፈለገችም እንድትሸሸው።

የመጀመሪያ ቀን ካልሲው ላይ «ፍስስ!» አለችበት። ለካልሲ! ቆማ ፀጉሯ እየቆመ ካልሲ ስትሳደብ አየኋት። ሁለተኛ ቀን በግድግዳው ጥግ ዞራው አለፈች። አራተኛው ቀን ላይ ረግጣው ሄደች። ከሳምንት በኋላ ከቢሮ ስመለስ ተቀምጣበታለች። ለሱም የሷን ሽታ ያለበት ካልሲ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትራስ አደረገው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። በቀን አትቁጠሩት። ካልሲው ይነግራችኋል።

ካልሲው ካለፈ በኋላ ምግብ ነው። የሁለቱን ሳህን በዝግ በር ግራና ቀኝ፣ መጀመሪያ ከበሩ ራቅ አድርጌ፣ በየቀኑ አንድ ርምጃ እያስጠጋሁ። መብላት ካቆመች ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ክፍል ተለዋወጡ፤ ሳይተያዩ እሱ ሳሎን፣ እሷ እሱ ክፍል። ከዚያ በሩን ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ በወንበር አስደገፍኩት። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት፣ ለ5 ደቂቃ፣ ክሩን በእጄ ይዤ። ሁሉም ተደምሮ አምስት ሳምንት ወሰደ።

ሲገናኙ ምን ሆነ? ምንም። ጋሼ ቀስ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። በድመት ቋንቋ «ሰላም ነው» እንደማለት ነው። ሻሼ አንዴ አጉረምርማ ጀርባዋን ሰጠችው። ጀርባ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፣ የሚፈራ ድመት ጀርባውን አይሰጥም።

ቤቱ ፀጥ አለ። ጩኸት የለ፣ ጥፍር የለ። ተሳካልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ሳምንት አልጋዬ ላይ ሽንት አገኘሁ።

ዶክተሯ መጀመሪያ ሽንቷን መረመሩ፣ ጤነኛ ነው። «ቤት ሄደሽ ወለል ላይ ተኝተሽ እያቸው» አሉኝ። ቅዳሜ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተጋድሜ ዋልኩ። ሁለቱን የአሸዋ ሳጥኖች ያስቀመጥኳቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ነው። ወደዚያ የሚያስኬደው ኮሪደሩ ብቻ ነው። ጋሼ ኮሪደሩ መሀል ተዘርግቶ ተኝቷል። ሻሼ ከሳሎን ወጣች። ጋሼ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አያት። ማየት ብቻ። አልተነሳም፣ ድምፅ አላሰማም። ሻሼ ቆመች። ቁጭ አለች። ልክ ለዚያ እንደመጣች ሁሉ መዳፏን መላስ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ተነስታ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ወጣች። እንደገና አያት። እንደገና መዳፏን ላሰች።

ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅቷ ሽንት ቤት ተከልክላ ኖሯል!

ድመት የምትጣላው ሁልጊዜ በጩኸት አይደለም። የሚያስፈራው ይህ ዝም ያለው ነው፤ ማፍጠጥ፣ መንገድ ላይ መተኛት፣ በር ላይ መቀመጥ። ሲታገሉ ማየት እንዲያውም ይሻላል። ተራ በተራ የሚሳደዱ፣ አንዴ እሱ አንዴ እሷ ላይ የምትሆን፣ ጥፍር ያልወጣበትና ድምፅ ያልበዛበት ከሆነ ጨዋታ ነው። ሁሌ አንዱ አሳዳጅ ሌላው ሯጭ ከሆነ፣ ጆሮ ከተለጠፈ፣ ጩኸት ካለ ጠብ ነው። ያኔ እጃችሁን መሀል እንዳታስገቡ። ትራስ ወይም ካርቶን በመሀላቸው አስገቡና ለዩዋቸው።

የአሸዋ ሳጥን ሕጉ የድመቶቹ ብዛት ሲደመር አንድ ነው። ለሁለት ድመት ሦስት። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ለድመት እንደ አንድ ናቸው። ሦስተኛውን ሳሎን፣ ከወንበሩ ጀርባ አደረግኩት። ያምራል? አያምርም። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ። ምግብና ውሃም ሁለት ቦታ ለየሁ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያም ባዶ አድርጌ ለሻሼ ለቀቅኩላት። ፍራሹን ሽንት በሚያጠፋ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ አጠብኩት። የአሞኒያ ሽታ ባለው ማጽጃ ከሆነ ራሱ ሽንት ሽንት ስለሚላት ተመልሳ ትመጣለች። በሳምንት ውስጥ አልጋዬ ላይ መሽናቷ ቀረ።

ወንድ ድመት ላላችሁ አንድ ነገር ላስገባ። ወንዱ የአሸዋ ሳጥን ውስጥ ገብቶ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው፣ ሆድ ድርቀት ነው ብላችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። ጭንቀት ደግሞ ይህን በሽታ ይቀሰቅሳል፣ አዲስ ድመት ማምጣት ደግሞ ጭንቀት ነው።

አሁን ስምንት ወር ሆናቸው። ጓደኛሞች አይደሉም። አይላላሱም፣ ተደጋግፈው አይተኙም። እኔ አልጋ ላይ እሱ ግርጌ እሷ ራስጌ ይተኛሉ፣ እኔ መሀል እንደ ድንበር ጠባቂ። አንድ ጠዋት ብቻ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሲተላለፉ አይቻለሁ። ፎቶ አላነሳሁም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደባሎች ናቸው በሉት። ደህና ደባል ደግሞ ቀላል አይደለም።

ቤታችሁ የሚዘጋ ትርፍ ክፍል ከሌለው፣ ድመታችሁ ካረጀች ወይም ከታመመች፣ እኔ ብሆን አልጨምርም። የሐኪሙም የምግቡም ወጪ እጥፍ ነው። ድመት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። እናንተ ስትጓዙ አንድ ድመት የሚጠብቅላችሁ ሰው ለሁለት እሺ ይላል ወይ? የእኔ ጎረቤት ሻሼ ብቻዋን በነበረች ጊዜ በደስታ ነበር የምትጠብቅልኝ፣ አሁን «እስቲ አይሃለሁ» ትላለች ለጋሼ፣ በጣቷ እያስፈራራች።

ያለፈው ሳምንት ጋሼን ጥርሱን ላሳክም ወሰድኩት። ማታ ይዤው ገባሁ። ሻሼ በሩ ጋ ነበረች። አሸተተችው። ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል። ፀጉሯ ቆመ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ «ፍስስ!» አለችው። ስምንት ወር አብሯት የኖረውን! ጋሼ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ወደ ትንሿ ክፍል አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ካልሲ መፈለግ ጀመርኩ።